እድፍና ዕድሜ

በሳሪስ አቦ፣ ከዋናው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው የወላጆቼ ቤት ከውጭ ለሚያየው ሰው አንዳች የሚያስገርም ነገር የለውም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አጥሩም እንደ ጎረቤቶቹ አጥር ግማሹ ብሎኬት፣ ግማሹ ያረጀ ቆርቆሮ ነው። ይሁን እንጂ የሳሎኑን በር ከፍቶ የሚገባ እንግዳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዐይኑ ወደ መሬት ይወርዳል። አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነችው በዚህች ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ረድፍ በሃያ ረድፍ፣ 400 የሲሚንቶ ንጣፎች ተደርድረዋል። አንዱ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው፤ አንዱ ባለ አበባ፣ አንዱ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ፣ ሌላው ደግሞ ያለ አንዳች ጌጥ ቀይ ብቻ ነው። የግድግዳውን ግርጌ ተከትሎ ዙሪያውን የሚሄደው ጠባብ ዘርፍ ግን በእሳት የተተኮሰ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሴራሚክ ነው።

አባቴ ንጣፍ ሠሪ ነበር። ሥራውን የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ግድም፣ ገና አፍላ ጎረምሳ ሳለ፣ አሸዋ በመንፋትና ሲሚንቶ በማቡካት ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ከወረራው ዘመን በኋላ በአገራችን የቀሩ ጣሊያናውያን ባለ ሙያዎች ነበሩበትና፣ ሙያውን የቀሰመው ከእነርሱ እጅ እያየ፣ ሲሳሳትም እየተሰደበ ነው። አንድ ሥራ ባለቀ ቁጥር ካቦውን ለምኖ፣ የተረፈ አንድ ወይም ሁለት ንጣፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር። የአሮጌ ቤት ወለል ተነቅሎ በአዲስ ሲተካም የሚጣለውን ይለምናል። ስለዚህ ከንጣፎቹ መካከል ከአባቴ ዕድሜ የሚበልጡ አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ሲያጠራቅም ቆይቶ በ1974 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ ሁሉንም አነጠፋቸው። እንግዲህ ያ ወለል የአንድ ሠራተኛ የሥራ ታሪክ ነው፤ በወረቀት ላይ ያልተጻፈ፣ በእግር የሚረገጥ ታሪክ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወለሉን የሚያጥበው ራሱ ነበር። ሥነ ሥርዓቱን ዛሬም በዐይኔ አየዋለሁ። መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ አሸዋውንና አቧራውን ይጠርጋል። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ውሃ ያቀርባል፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ። ሁለቱን ፈጽሞ አያቀላቅልም። በደንብ በተጨመቀ የጥጥ ጨርቅ አንድ ረድፍ ያብስና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያደርቀዋል። በረኪና እንዲነካው አይፈቅድም፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ከወጥ ቤት ደጃፍ እንዳያልፍ ከልክሏል። በበዓል ቀን እርጥብ ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ከሥሩ ሰሌን ተዘርግቶ ነው። እኛ ልጆቹ ግን ይህን ሁሉ የምንቆጥረው ለሳሙና መግዣ እንደ መሰሰት ነበር።

እኔ እንደ ዕድል ሆኖ ተማርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ አጠናሁ፤ ግጥምና ተውኔት እጽፍ ጀመር። በግጥሞቼ ውስጥ የሠራተኛ እጅ፣ የሠራተኛ ላብ ደጋግሞ ይነሣል። ከተውኔቶቼ በአንዱም ዋናው ገጸ ባሕርይ ግንበኛ ነው። አባቴ ያን ተውኔት ሊያይ መጥቶ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ ሰዎች እጄን እየጨበጡ ሲያመሰግኑኝ እርሱ ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ቀረብ ብሎ፣ «ሰውዬህ ግድግዳውን በውሃ ልክ ለካው። ለግድግዳ ቱንቢ ነው፤ ውሃ ልክ ለወለል ነው» አለኝ። ሳቅሁ። የቃል ስሕተት መስሎኝ ነበር። በአንድ ጣራ ሥር ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ሰው የሚሠራበትን መሣሪያ ሳላውቅ ስለ ሠራተኛ መጻፌን ለመረዳት ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር።

አባቴ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት 5 ቀን የአቦ ማኅበር ተራ የእኛ ቤት ሆነ። ማኅበርተኞቹ አባቴን ቀብረው ወደ ቤቱ በማኅበር ሲመለሱ የመጀመሪያቸው ነውና፣ ቤቱ ያለ እርሱ ጎደለ እንዳይባል አሰብኩ። እናቴ ጠላውን ስትጠምቅ፣ የጾም ወጡን ስታሰናዳ፣ እኔ ደግሞ ወለሉን እንደ አዲስ ላደርገው ቆረጥኩ። በእርግጥም በዚያ ክረምትና በጋ አባቴ ታሞ ስለ ነበር፣ ከሞተም በኋላ የነካው ስላልነበር ወለሉ ጠቁሯል። የጧፍ ሰም ነጠብጣብ፣ የቡና እድፍ፣ በመጋጠሚያዎቹም ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ይታያል። ሱቅ ሄጄ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን አሲድ ገዛሁ፤ ሽቦም ገዛሁ።

አሲዱን ከበሩ አጠገብ ባለው ረድፍ ላይ አፈሰስኩት። ወዲያው ፈላ፤ ነጭ አረፋም ኩፍ አለ። እድፉ እየለቀቀ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ አረፋው በበዛ ቁጥር ሽቦውን አበረታሁ። ውሃ ደፍቼበት ስመለከት ግን የአበባው ቀለም ሄዷል። ሰባት ንጣፎች ገጻቸው ተበልቶ፣ እንደ አሸዋ ወረቀት ሻክረው፣ ግራጫ ሆነው ቀርተዋል። በግርጌው ያለውን ሴራሚክም በሽቦው ፍቄው ኖሮ፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ድመት ጥፍር ያለ ጭረት ይታይበት ጀመር።

እናቴ ሽታው አስላት ከወጥ ቤት ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው። አልተቆጣችም። «የአባትህን እጅ አጠብከው» አለችና ተመልሳ ገባች።

በዋዜማው ማታ አንድ የአባቴ የሥራ ጓደኛ፣ ከእርሱ ጋር ከልጅነት ጀምረው ንጣፍ ሲያነጥፉ የኖሩ ሽማግሌ፣ ድንኳን መቀመጫውን ለማሰናዳት ሊያግዙን መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ተንበርክከው የተበላሸውን ረድፍ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ቀጥለውም በጣታቸው አንጓ ንጣፎቹን አንድ በአንድ ያንኳኩ ጀመር። ገበያ ወርዳ እንስራ የምትገዛ ሴት የምታደርገውን ነበር የሚያደርጉት። ጤነኛው ንጣፍ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥሩ የለቀቀው ባዶ ባዶ ይላል።

«ልጄ፣ አሲድ ምን እንደሚወድ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ኖራ ይወዳል። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ደግሞ ኖራ ነው። አንተ እድፉ የፈላ መሰለህ፤ የፈላው ንጣፉ ነው።»

ያን ማታና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች ከሽማግሌው የተማርኩትን፣ ኋላም በንባብ ያገናዘብኩትን፣ አሮጌ ወለል ላለው ሁሉ ይጠቅማልና እዚህ ላይ ላስፍረው።

በመጀመሪያ የሚያጥቡት ነገር ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የሲሚንቶ ንጣፍ እሳት አልነካውም። ከላይ የሚታየው ገጽ በሲሚንቶ፣ በዕብነ በረድ ዱቄትና በማዕድን ቀለም ተበጥብጦ፣ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በየቀለሙ ክፍል የተፈሰሰ ነው፤ ከበላዩ አሸዋና ሲሚንቶ ተጨምሮበት በመጭመቂያ ይጫንና በውሃ እየረጠበ እንዲጠነክር ይተዋል። ይህ ጥበብ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም በደቡብ ፈረንሳይ ተጀምሮ፣ ጣሊያንንና ስፔንን፣ ሰሜን አፍሪካንም አዳርሷል። ባለ ቀለሙ ገጽ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አሲድ ይቅርና ሎሚና ኮምጣጤ እንኳ ይበሉታል። ደግሞም ብዙ ቀዳዳ ስላለው የፈሰሰበትን ይጠጣል፤ ቡናም ዘይትም ሳይውል ሳያድር ካልታበሰ ውስጡ ይገባል።

ሴራሚኩ ግን የጀበናችን ዘመድ ነው። ሸክላ ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ በእሳት የተተኮሰ ነው፤ ከላዩ ያለው ብርሃን በምድጃ ውስጥ ቀልጦ የተጣበቀበት ብርጭቆ መሰል ልባስ ነው። ልባሱ ጠንካራ ይሁን እንጂ ስስ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከእርሱ ትጠነክራለች፤ በእግር ስትረገጥ ትጭረዋለች። ከውሃ በፊት መጥረጊያ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። ባረጀ ጊዜም ልባሱ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ በዚያች ቀጭን ስንጥቅ በኩል ቆሻሻ ውሃ ወደ ሸክላው ዘልቆ ይጠቁራል። ስለዚህ አሮጌ ሴራሚክ አይዘፈዘፍም፤ በተጨመቀ ጨርቅ ታብሶ ወዲያው ይደርቃል። በረኪና ያነጣው መስሎ ጨው ይተውበታል። በረኪናና አሲድ ከተቀላቀሉ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላልና፣ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። «ጀበና በሳሙና ይታጠባል እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ጀበናዋን ዕድሜ ልኳን በውሃ ብቻ ስታለቀልቅ፣ ምጣዷን በጎመን ዘር ስታሟሽ ኖራለች። ሸክላ የሚጠጣ ነገር መሆኑን፣ የጠጣውንም መልሶ እንደሚሰጥ ከማናችንም በፊት የምታውቀው እርሷ ነበረች። በዚያች ጠዋት አንድ ቃል ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ሰባቱ ንጣፎች ይተርፉ ነበር።

ያ በየመጋጠሚያው የሚታየው ነጭ ነገርም እድፍ አልነበረም። ሰፈራችን ዋልካ መሬት ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮም ያወርደዋል። የመሬቱ እርጥበት በንጣፉ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ይህን በውሃ ያጠበ ሰው ጨውን አሟሙቶ ወደ ንጣፉ መልሶ ይልከዋል። መድኃኒቱ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ማንሣት፣ ከዚያም የውሃውን መምጫ መፈለግ ነው። እኛ ቤት መምጫው የተደፈነ የጣራ ውሃ መውረጃ ቦይ ሆኖ ተገኘ። ቦዩን ስንጠርግ ጨው ቀነሰ። የጧፉን ሰም ደግሞ ሽማግሌው በቀጭን እንጨት ፈልቅቀው አነሡት፤ የቀረውንም ወረቀት ደርበው ለብ ባለ ካውያ አስመጠጡት። ቢላዋ አልነካውም።

መጋጠሚያውን በተመለከተም የሰጡኝ ትምህርት ከቤታችን አልፎ የሚሄድ ነው። አባቴ ንጣፎቹን ያያያዛቸው ኖራ በበዛበት ቡኮ ነበር። እኔ በጠንካራ ሲሚንቶ ልሙላው ስል ሽማግሌው ከለከሉኝ። «መጋጠሚያው ከንጣፉ መጠንከር የለበትም። መሬቱ ሲነሣ መሰንጠቅ ያለበት መጋጠሚያው ነው፤ እርሱ እንቢ ካለ ንጣፉ ይሰነጠቃል» አሉ። ይህን ስሰማ ጎንደር ትዝ አለችኝ። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በኖራ የተገነባ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጥገና ሲደረግለት ሲሚንቶ ገባበት፤ ከኖራው ጋር የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘም ኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ ለመተካት ደክመዋል። ያንን ሲሚንቶ ያስገቡት ሰዎች ሊያፈርሱ አልተነሡም፤ ሊያጠነክሩ ነበር። እኔም ላሳምር ነበር የተነሣሁት።

እንግዲህ ጥፋቴን በአንድ ቃል ብናገር፣ እድፍን ከዕድሜ መለየት አለማወቄ ነው። እድፍ ከውጭ መጥቶ የሚለጠፍ ነው፤ ሊወገድ ይገባዋል። ዕድሜ ግን የነገሩ አካል ነው። ከበሩ እስከ አባቴ ወንበር ድረስ ያሉት ንጣፎች መካከላቸው ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤ ቀለማቸውም ፈዟል። ይህ ቆሻሻ አይደለም። አንድ ሰው አርባ ዓመት ከሥራ ሲመለስ የሄደበት መንገድ ነው። የሚያጥብ ሰው እድፉን አንሥቶ ዕድሜውን መተው አለበት። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ግን ነገሩን አዲስ ያደርገው ይመስለዋል እንጂ ያለውን ነገር ነው የሚያጣው።

ይህን ስል ያረጀ ሁሉ አይነካ ማለቴ አይደለም። በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። በእድሳቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የገጽ ንጣፎች እንደ ቀድሞዎቹ ቀለም ተሠርተው ተተክተዋል። ዘመኑ ያለፈበትን መተካት ተገቢ ነው፤ ግን የመጀመሪያውን ቀለም አጥንቶ፣ መዝኖ፣ አመሳስሎ ነው። በግድግዳ ሴራሚኮቿ የታወቀችው ፖርቱጋልም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ በቂ ምክንያት ካልቀረበ በቀር ከሕንፃ ፊት ላይ ሴራሚክ መንቀል ከልክላለች። እነዚያ ሰዎች ሕግ እስከ ማውጣት የደረሱት ንጣፍ ከእግርና ከዐይን በላይ የሆነ ነገር እንደሚይዝ ስለ ገባቸው ነው።

እኛ ዘንድ ግን ከንጣፉ በፊት ንጣፍ ሠሪው ይቀድማል። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን በሙያው ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። አዋጅ ምላስን ይገታ ይሆናል፤ ንቀት ግን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። የእኔ ንቀት ስድብ አልነበረም። እንዲያውም ውዳሴ ነበር። ስለ ሠራተኛው እጅ እያሞገስኩ እጁ የሚያውቀውን አልጠየቅሁም። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቁን ሲጨምቅ አጠገቡ ተንበርክኬ «ይህ ለምን ሆነ?» ብል ኖሮ ያለ ጥርጥር ይነግረኝ ነበር። ስለ ቱንቢውም የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው።

በማኅበሩ ቀን እንግዶቹ መጡ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። እኔ የተበላውን ረድፍ ለመሸፈን ምንጣፍ አምጥቼ ነበር፤ እናቴ አንሥታ ወሰደችው። ከእንግዶቹ መካከል ሁለቱ አዩት፤ ምንም አላሉም።

ከፋሲካ በኋላ አልጋ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘን። በውስጡ አባቴ ለመጠባበቂያ ያስቀመጣቸው አሥራ ሁለት ንጣፎች በጋዜጣ ተጠቅልለው ነበር። ሰባቱን አንሥተን በእነዚህ እንተካ ብዬ ሽማግሌውን ለመንኳቸው። እርሳቸውም ፈቀዱ፤ መሣሪያቸውንም ይዘው መጡ። እናቴ ግን፣ «እነዚያ ለሚሰበረው ናቸው። ይኼ አልተሰበረም፤ ይረገጣል። ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ አንተው ርገጠው» አለች። ሽማግሌው መሣሪያቸውን መልሰው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወለሉን የማጥበው እኔ ነኝ። ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ጨርቅ። ከበሩ አጠገብ ስደርስ እዚያ ረድፍ ላይ ጨርቁ ይይዘኛል፤ የሻከረ ነውና እንደ ሌላው አያንሸራትትም። እዚያ ላይ ቀስ እላለሁ።